የጎሚስታው ለቅሶ

አዘዞ ውስጥ ደስተኛ የሚባለው ሰው ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ነው። ሲስቅ ቆርቆሮ የሚያንቀጫቅጭ፣ ሠርግ ላይ ትከሻው የማያርፍ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ "ቤቶች!" ከማለቱ ወሬ የሚጀምር፤ እሱ ሸጋ ሰው ይባልለታል። ዝም ያለ ሰው ግን ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል፣ ወይ ሰው ንቋል። ሌላ ምክንያት አይታሰብለትም። ጎሚስታው ሙሉሰው ዕድሜውን ሙሉ ከነዚህ በአንዱ ሲከሰስ ኖሯል።

አልታመመም። ከማንም አልተጣላም። ማንንም አልናቀም። ዝም ማለት ደስ ይለው ነበር፤ በቃ ይኸው ነው ጥፋቱ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት የላሜራ ሱቅ አለችው። ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ባለባጃጁም አናቱ ላይ ቆሞ ሲለፈልፍበት ይውላል፤ የሰው ድምፅ ጆሮው ውስጥ እንደ አሸዋ ሲጠራቀም ይሰነብታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታዲያ ጋቢውን አጣፍቶ ከሜዳው ባሻገር ወዳለችው ጉብታ ይወጣል። እዚያ ተቀምጦ አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሣ ያያል። ሌላ ምንም አያደርግም። አውሮፕላን ባይመጣም ሰማዩን ያያል። ሲመሽ ጆሮው ታጥቦ፣ ልቡ ተንጣሎ ይመለሳል። እንደዚያ ያለ ደስታ መኖሩን ለሰው ቢያስረዳ ማን ያምነዋል? አላስረዳም።

ሚስቱ እማዋይሽ ግን ሌላ ፍጥረት ነበረች። ከጭልጋ ገበሬዎች ወገን ናት፤ ሰው የሌለበት ቀን ለሷ ቀን አይደለም። እሑድ እሱ ወደ ጉብታው ሲወጣ እሷ ሰንበቴ ትሄዳለች፣ ከሰንበቴው አራስ ጥየቃ፣ ከአራስ ጥየቃው የታረቁ ጎረቤቶች ቤት። ማታ ሁለቱም ሲገቡ የዋለችበትን ሁሉ ትተርክለታለች። መተረክ ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹን ትሆናቸዋለች። የጎረቤታቸውን የእታገኘሁን አነጋገር፣ የዲያቆኑን አረማመድ፣ የእድሩ ዳኛ ወልደኢየሱስ ከመናገሩ በፊት እንዴት ጉሮሮውን እንደሚጠርግ። ሙሉሰው ሆዱን ይዞ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። አዘዞን ሁሉ እሷ አጥልላ፣ እሱ ሊጠጣው በሚችለው ልክ ቀድታ ታቀርብለት ነበር።

"የአንተስ ሰማይ እንዴት ዋለ?" ትለዋለች በመጨረሻ።

"አንዱ መጣ። ወረደ። ሄደ።"

"ኧረ ወሬህን ቀንስ፤ ራሴን አዞርከው!"

እንዲህ ነበር የሚኖሩት። ሰው ግን ይህን አያይም። ሰው የሚያየው እሷ ሠርግ ላይ ብቻዋን ስትጨፍር፣ እሱ ደግሞ በልቶ ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ነው። "ምን አይታ ነው ከዚህ ግንድ ጋር?" ይላሉ። ገና በሠርጋቸው ቀን ወልደኢየሱስ፣ ያኔ ጎረምሳ ነው፣ ሙሽራው አልጨፍርም ብሎ ሲግደረደር "ተዉት፣ ባትሪው ያለቀበት ራዲዮ ነው!" ብሎ ድንኳኑን በሳቅ አናወጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ባትሪ" ስሙ ሆነ። ሙሉሰው የተሰደበበትን የሚረሳ ሰው አልነበረም። መልስ አይሰጥም፣ አይጣላም፤ ግን ማን፣ የት፣ ምን ለብሶ እንዳለው ሁሉ ልቡ ውስጥ ይቀመጣል።

አንድ ጊዜ ተማሪ ነን የሚሉ ሁለት ልጆች ሱቁ ድረስ መጡ። የሰው ጠባይና የትርፍ ጊዜ አጠቃቀም እናጠናለን አሉ።

"በትርፍ ጊዜዎ ከሰው ጋር መጫወት ነው የሚወዱት ወይስ ብቻዎን መሆን?" አለችው ልጅቱ።

"ብቻዬን።"

"በሕይወትዎ ምን ያህል ይረካሉ? ከአንድ እስከ አምስት ይበሉ።"

ሙሉሰው እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። ቸኩሎ የሚመልስ ሰው አይደለም። "አምስት" አለ።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። ጥያቄው የገባው አልመሰላትም። "አምስት ማለት እኮ በጣም እረካለሁ ማለት ነው አባባ።"

"አውቃለሁ።"

ጎማ ሊያስነፋ የመጣው ወልደኢየሱስ እዚያው ቆሞ ኖሮ ሳቁን ለቀቀው። "ኧረ ሁለት ብለሽ ጻፊለት! ይኸን ሰው ሲስቅ ያየው የለም፤ ጥርስ እንዳለው የምታውቅ ሚስቱ ብቻ ናት!"

ልጆቹም ሳቁ። ሙሉሰው ወደ ጎማው ጎንበስ አለ። ምን ብለው እንደጻፉ አልጠየቀም።

እማዋይሽን ኩላሊቷ ነው የወሰዳት። በመስከረም መጨረሻ ጀመራት፤ ሐኪም ቤት ገብታ ብዙም አልቆየች። የሞተች ዕለት ሙሉሰው አጠገቧ ነበር፤ እጇ እጁ ውስጥ ሳለ ቀዘቀዘ። ማልቀስ የፈለገው ያኔ ነበር። ግን ነርሷ መጣች፣ እታገኘሁ መጣች፣ የእድሩ ሰዎች መጡ፤ ክፍሉ ሞላ፤ ሁሉም መጀመሪያ የሚያየው የሱን ዓይን ሆነ። እንባው ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ይህ ነገር የቆየበት ነው። ልጅ ሳለ ትክል ድንጋይ በምትባለው ከተማ አባቱ ሲቀበር ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ ድምፅ ሳያሰማ ያለቅስ ነበር። አንዲት አክስቱ ትከሻውን ይዛ "ጩህ እንጂ! ምነው አባትህ አይደለም? ሰው ምን ይላል?" ብላ ነቀነቀችው። ሁሉም ዞሮ አየው። እንባው እዚያው ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም። ማልቀስ የሚችለው ሰው በሌለበት ብቻ ነው፤ የሌላው ሰው እንቅልፍ ጸጥታ እንደሚሻ።

በቀብሩ ዕለት የጭልጋ ዘመዶቿ አልደረሱም። በዚያ ሰሞን መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል። ታላቅ ወንድሟ አለበል በስልክ እየጮኸ አለቀሰ፤ የሙሉሰውና የእማዋይሽ አንዲት ልጅ መሰረት ስልኩን ይዛ አብራው ጮኸች። ሙሉሰው እንደ ተተከለ ቆሞ አፈር ሲመለስ አየ። ከኋላው እታገኘሁ "አንዲት እንባ! አንዲት እንባ እንኳ ትጥፋ?" ስትል ሰማ። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነው።

ከቀብር መልስ ድንኳን ተተከለ። ወልደኢየሱስ ጉሮሮውን ጠርጎ ሥርዓቱን ደነገገ፦ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ብቻውን ከሆነ ሐሳብ ያገኘዋል፤ ስለዚህ እስከ አርባዋ ድረስ የእድሩ ሰዎች ተራ ገብተው ያጫውቱታል፣ ቤቱም ያድራሉ። ክፋት የለበትም። እነሱ ቢደርስባቸው የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ወልደኢየሱስ ራሱ እናቱ የሞተች ጊዜ ከሰው መሀል ተጋድሞ፣ አልቅሶ፣ ስቆ፣ ካርታ ተጫውቶ ነው የዳነው። ለሱ የሠራ መድኃኒት ለሁሉ የሚሠራ መሰለው።

እናም አጫወቱት። ካርታ አመጡ፣ ዳማ አመጡ፣ የድሮ ቀልድ አመጡ። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ሰው አለ፤ ሲበላ ሰው አለ፤ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ አንዱ ደጅ ቆሞ "ሙሉሰው፣ አለህ?" ይለዋል። "አለሁ" ይላል። ሁሉም ደግሞ ያወራል። ከወሬው ሥር የእማዋይሽ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሲሄድ ይሰማዋል። አንድ ሰዓት ብቻ ቢተዉት ይይዘው ነበር። አንድ ሰዓት ግን ማን ይሰጠዋል?

"ደህና ነህ?" ይሉታል።

"ደህና ነኝ።"

"እንደሱ ነው! ወንድ ልጅ!" ይላሉ፤ ወጣ ብለው ደግሞ "ይኸ ሰው ልብ የለውም" ይባባላሉ።

መሰረት እናቷን የወጣች ናት። አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች ወዲህ ከእናቷ ጋር ነበር የምትውለው፤ ሐዘኗም እንደ እናቷ ደስታ ከሰው ጋር ነው። ከመጣው ሁሉ ጋር አለቀሰች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ። ከዚያ ዓይኗን ወደ አባቷ ጣል ታደርጋለች። ደረቅ ፊት ታያለች። ሙሉሰው ያቺን አስተያየት ያውቃታል፤ በሰው ሁሉ ፊት ላይ አይቷታል። በልጁ ፊት ላይ ግን አይቷት አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ካርታ ተጫዋቾቹ እንደተቀመጡ፣ ስልኳን ይዛ መጣች።

"አባዬ፣ አያ አለበል ነው። ጭልጋ፣ አይከል ከተማ፣ እሱ ዘንድ ሄጄ ሱቁን እንድይዝለት ይፈልጋል። ልጆቹም አሉ፣ ሰውም አለ፣ አትቸገሪም ይለኛል። አንተስ ምን ትላለህ?"

ካርታው ቆመ። ስምንት ዓይን፣ አሥር ዓይን ሙሉሰው ላይ ተተከለ። በልቡ ያለው አንድ ነገር ነበር፦ አትሂጂብኝ። ካንቺ በቀር ምን ቀረኝ፣ ቅሪልኝ። ቃሉ መጣ፤ ያው ጉሮሮው ላይ ደርሶ ቆመ።

"እንደ ወደድሽ" አለ።

"በቃ?"

"አንቺ ደስ እንዳለሽ አድርጊ።"

እሱ ለሰው ከሚሰጠው ነገር ሁሉ ትልቁን መስጠቱ ነበር። ሰው ሁሉ ና፣ ተነሥ፣ ጨፍር፣ ሳቅ፣ አልቅስ ሲለው ኖሮ፣ እንደ ወደድህ ሁን ያለችው እማዋይሽ ብቻ ናት። ለመሰረት ግን በር እንደ መዝጋት ሆነባት።

"እስከ አርባዋ ላስብበት" ብላ ወጣች።

"ባትሪ!" አለ ወልደኢየሱስ ካርታውን እየበወዘ፣ "ምነው አንድ ቃል ብትጨምርላት ምላስህ ይቆረጣል?"

አርባዋ ደረሰች። አለበል በዋዜማው ደውሎ መንገዱ ዳግመኛ እንደተዘጋ፣ ለተዝካሩ እንደማይደርሱ እያለቀሰ ተናገረ። ጠዋት ጸሎቱ ተደረሰ፣ ካህናቱ ቤት መጥተው ባርከው በልተው ሄዱ። ድንኳኑ በሰው ሞላ። ከበሉ ከጠጡ በኋላ ወሬው ደመቀ፤ የተዝካር ከሰዓት እንደሚደምቀው።

ወልደኢየሱስ ተነሣና ስለ እማዋይሽ ማውራት ጀመረ። እሱን ራሱን እየሰደበች ለእድሩ ገንዘብ ያዋጣችበትን ጊዜ፣ የእድሩን ሴቶች ያስታረቀችበትን። ሸጋ ወሬ ነበር። ኋላ ግን ድምፅዋን ሊያስመስል ሞከረ። ቀጭን፣ ጩኸታም፣ የሷ ያልሆነ ድምፅ አወጣ። ሰው ሁሉ ሳቀ። መሰረትም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ሙሉሰው ደነገጠ። እውነተኛውን ድምፅ ሊያስታውስ ሞከረ፤ የመጣለት የወልደኢየሱስ ቀጭን ድምፅ ሆነ። ደግሞ ሞከረ። ያው። የሞተች ዕለት እንኳ እንደዚያ አልፈራም።

"ወደ ደጅ ልውጣ" አለ። በጓሮ በኩል አጥሩን ሾልኮ ሄደ።

ሱቁ እሷ ከሞተች ጀምሮ አልተከፈተም። ቁልፉን ከፍቶ ገባና የላሜራውን በር ከውስጥ ቀረቀረው። ጨለማና የጎማ ሽታ ተቀበለው። ግድግዳው ሥር አንድ ያረጀ የከባድ መኪና ጎማ ተጋድሟል፤ ምሳ ስታመጣለት ጆንያ ጣል አድርጋ የምትቀመጥበት ነው። ከፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ምንም አላሰበም። ጠበቀ።

ብዙ ቆይቶ ድምፅዋ መጣ። አንድ ቃል ብቻ፣ "ብላ እንጂ!" የሚል፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ የራሷ። ከዚያ ሌላው ተከተለ።

ያኔ ፈነዳ። ከአፉ የወጣው ድምፅ የሰው አልመሰለውም፤ እንደ በሬ ነው ያገሣው። ራሱን አስደነገጠው። ከላሜራው ወዲያ መንገድ ነው፤ ሰው ያልፋል፤ ከሰሙት በሩን ሰብረው ይገባሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ ያጫውቱታል። ተነሣና ጎማ የሚነፋበትን ኮምፕሬሰር አስነሣው። የንፋሱ ጋን ሞልቶ ሞተሩ እንዳይቆም ቱቦውን ከፍቶ መሬት ላይ ለቀቀው። ኮምፕሬሰሩ ሱቁን ሲያንቀጠቅጠው እሱ አሮጌውን ጎማ በሁለት እጁ አቅፎ አለቀሰ። ስለ እማዋይሽ አለቀሰ፣ ስለ አባቱ አለቀሰ፣ ልጁ ፊት ስለደረቀው ቃል አለቀሰ።

መሀል ላይ በሩ ተንኳኳ።

"ጎሚስታ! ኧረ ጎሚስታ!" መዝሙር የተባለው ባለባጃጅ ነበር። "እንዳለህ ኮምፕሬሰርህ ይናገራል፤ የኋላ ጎማዬ ነው፣ ክፈትልኝ!"

አልከፈተም። መዝሙር እየተራገመ ሄደ።

ኮምፕሬሰሩን ሲያጠፋ ውስጡ ጸጥ ብሎ ነበር። ከመነዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ የሚፈተሽበት ገንዳ ውስጥ ባለው ውኃ ፊቱን ታጠበ። ሰውነቱ ቀለለው። መንገድ ላይ ቃሉን ይዞ ሄደ፤ ቅሪልኝ ሊላት፣ ሰው ቢኖርም ባይኖርም። ዛሬ ይወጣኛል ብሎ አመነ። ወጥቶለትም ነበር፣ ቤቱ ደጃፍ እስኪደርስ።

ደጃፉ ላይ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ለቅሶው ከመንገድ ይሰማል። መንገዱ ጠዋት ተከፍቶ ኖሮ ጭልጋዎቹ ደርሰዋል። የሆነውን በኋላ ሰማ፦ አለበል "እህቴን! እህቴን!" እያለ ደረቱን እየደቃ ሲገባ፣ እንደ ወጉ ባልዬው ወጥቶ አንገቱ ላይ ሊወድቅለት ሲጠበቅ፣ ድንኳኑ በር ላይ የጠበቀችው መሰረት ብቻ ናት። "አባትሽስ?" አለ። ሰው ተያየ። ጓሮ ተፈለገ፣ ጎረቤት ተፈለገ። በመጨረሻ እሱም ለተዝካር የመጣው መዝሙር "ሙሉሰው? ሱቁ ነው ያለ፤ ጎማ ሲነፋ ሰምቼ አንኳኳሁ፣ አልከፈተልኝም" አለ። ውሸት አልተናገረም፤ የሰማውን ነው ያለው።

ሙሉሰው ሲገባ ለቅሶው ቆመ።

"አያ አለበል፣ እንኳን..." ብሎ ሊያቅፈው ሄደ።

አለበል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሙሉሰውን ሳይሆን እጁን ነው የሚያየው። ሙሉሰውም አየው። አሮጌውን ጎማ ያቀፈበት እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል፤ ነጭ ጋቢውም ላይ ታትሟል። ፊቱን እንጂ እጁን ልብ ብሎ አላጠበም።

"እጅህ ምነው ጠቆረ?" አለ አለበል፣ ቀስ ብሎ።

"ሥራ አልሠራሁም።"

"ታዲያ ማሽኑን ማን አስጮኸው? እህቴ ናት እኮ ዛሬ አርባዋ! ከመንገድ ስንንገላታ የዋልነው አንተን ብለን ነው!"

"ኧረ አያ አለበል" አለ ወልደኢየሱስ ሊያረግብ፣ "ሐዘኑን ሊረሳ ብሎ ነው፤ ሰው በሥራም ይጽናናል..."

"አርባ ቀን መታገሥ አቅቶት ነው?" አለች አንዲት የጭልጋ ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

ሁሉም ዓይን መጣ። የአዘዞ ዓይን፣ የጭልጋ ዓይን፣ የመሰረት ዓይን። ላለቅስ ነው የሄድሁ፣ እንዳትሰሙኝ ነው ያስጮኸሁት። ይኸን ማለት ነበረበት። አፉን ከፈተ። ትክል ድንጋይ ላይ ትከሻውን የነቀነቀችው እጅ ጉሮሮውን ያዘችው።



መሰረት ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

አይሱዙው መንገዱ ሳይዘጋ ሊመለስ ነበር፤ አላደሩም። እህል ውኃም አልቀመሱም፤ ይህ ደግሞ ለሚያውቅ ሰው ከስድብ ይብሳል። መሰረት ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ሙሉሰው ከመኪናው ኋላ፣ ሰው በማያያቸው በኩል ጠበቃት።

"መሲ። ቅሪልኝ።"

ቆመች። በሕይወቷ ከሱ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም። "አሁን ነው የምትለኝ?"

"ሱቅ ውስጥ... ጎማ አልነፋሁም። እያለቀስሁ ነበር።"

አየችው። ዓይኑ ቀልቷል። ግን አቧራም፣ ጭስም፣ ማስቲሽም ዓይን ያቀላል።

"ማን አየህ?" አለች።

በክፋት አልነበረም። ከልቧ ነው የጠየቀችው። አንድ ሰው ስም ቢጠራላት፣ አንድ ምስክር፣ ለአጎቷም ለራሷም የምትነግረው፣ የምትቀር ይመስል ነበር። ሙሉሰው አሰበ። መዋሸት እንኳ አልመጣለትም።

"ማንም" አለ።

ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች፤ እንደ እንግዳ ሽማግሌ። ከዚያ አለበል እጇን ይዞ ወደ ላይ ሳባት። አይሱዙው ተነሣ፣ አስፋልቱን ይዞ ወደ ጭልጋ መገንጠያ ዞረ።

ሙሉሰው መንገዱ ላይ ቆሞ ቀረ። ወልደኢየሱስ ከኋላው መጥቶ ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። እሱም አልቅሶ ነበር፤ ሰው ሁሉ አይቶታል።

"በል ና ወንድሜ፣ እንደዚህ ብቻህን አትቁም" አለው። "ሐሳብ ያገኝሃል።"

እየጎተተ ወደ ድንኳኑ አስገባው። የተቀመጡት ሰዎች ጠጋ ጠጋ ብለው መሀላቸው ላይ ቦታ ለቀቁለት።